ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያመው ሊፍት

በሥራ ቦታ «ጆሮ» ነው የሚሉት። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲጠግን ኖሯል። ሊፍት ተበላሸ ተብሎ ሲጠራ መፍቻ ከማውጣቱ በፊት ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «የላይኛው ጎማ ተበልቷል» ይላል። ሲፈታ እውነትም ጎማው ተበልቶ ይገኛል። አዳዲሶቹ ቴክኒሻኖች ኮምፒውተር ሰክተው ግማሽ ቀን የሚፈልጉትን ብልሽት እሱ የቀረበለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያገኘዋል። አጠር ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ሁልጊዜ ግራሶ ግራሶ የሚሸት፣ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው።

ችግሩ ከግራሶው ሽታ ሥር ሌላ ሽታ መኖሩ ነበር።

አጀማመሩ እንደ ማንም ነው። ከሥራ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሁለት። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ለዋለ ሰው አንድ ሁለት ምን አላት? ዓመታት ሲያልፉ ጓደኞቹ አንድ ሁለታቸውን ጨርሰው ወደየቤታቸው ሲሄዱ እሱ ሦስት አራት እያለ ይቀር ጀመር። ቀጥሎ መጠጡ ወደ መሣሪያ ቦርሳው ገባ። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አጥቦ፣ ከጠርሙስ ወደዚያ ገልብጦ፣ ከመፍቻዎቹ ጎን ሸጉጦ ይዞት ይዞራል። ታላቅ እህቱ ምላሷ ስለት ነው። አንድ እሑድ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «የኔ ወንድም ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያወጣ ይውልና ማታ ራሱ ሲወርድ ያመሻል» ብላ ቤቱን በሳቅ ገደለችው። እሱም አብሮ ሳቀ። ሚስቱ ብቻ አልሳቀችም።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ሠላሳ ሕፃን በአንድ ክፍል ውስጥ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ናት፤ ለባሏ ግን ዘዴ ጠፋባት። መጀመሪያ ለመነችው። ከዚያ ተቆጣችው። ከዚያ አለቀሰች። በመጨረሻ ዝም አለችው። እሱም በየጊዜው «ከነገ ጀምሮ» እያለ ይምል ነበር፤ ያ ነገ የሚሉት ግን አልነጋ አለ።

ከሁሉ የከፋው የልጁ ነገር ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ፣ «ጥያቄ ስድስትን ነገ ጠዋት አባቢን እጠይቀዋለሁ፤ ማታ ማታ ሂሳብ አይችልም» ስትል ሰማት። አልተበሳጨችም፣ አልከፋትም። ሱቁ እሑድ ይዘጋል እንደሚባለው፣ የታወቀ ነገር እንደምትናገር ሆና ነው ያለችው። ያን ቀን ጆሮ ባልኖረኝ አለ።

ቢሆንም ጠጣ። ይባስ ብሎ መጠጡ ከማታ ወደ ጠዋት ተሻገረ። በአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ሲሠራ ሊፍቱን ወደ ላይ ሰዶ፣ የአራተኛውን ፎቅ በር ክፍቱን ትቶ፣ «ለጊዜው አይሠራም» የሚለውን ሰሌዳ ሳይሰቅል ዘወር አለ። ሕፃን ያቀፈች ሴት ስልኳን እያየች መጥታ እግሯን ወደ ባዶው ጉድጓድ ልትሰድ ስትል፣ ወለል ትወለውል የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ቀሚሷን ጨምድዳ አስቀረቻት። ማንም አልተጎዳም። ጆሮ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በግራሶ እጁ ሸፈነ።

አለቃው መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ትንፋሹን አሸተተ። ሰው ፊት ሊያዋርደው አልፈለገም፤ በለሆሳስ፣ «ከትልልቆቹ ሕንፃዎች አውጥቼሃለሁ። ዘይት መቀባት፣ አምፖል መቀየር፣ በር ማስተካከል። ከዚያ አታልፍም። ይሄን ከደገምከው ግን እኔና አንተ አንተዋወቅም» አለው።

ወደዚያ ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ የተላከው በዚህ ምክንያት ነው። ምድር ላይ መነጽር ቤት፣ አንደኛው ፎቅ ላይ የጥርስ ሐኪም፣ ሁለተኛው ላይ የጽሕፈት ቢሮ፣ ሦስተኛው ላይ የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ አለ። ሊፍቱ አራት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ሲወጣ እንደ ሽማግሌ የሚያቃስት ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጆሮ ሰሌዳውን ሰቀለ፣ ሊፍቱን በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል አቆመና ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሦስተኛውን ፎቅ በር ጎማ መፍታት ያዘ። ከበሩ ማዶ ወንበር ሲሳብ፣ ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማዋል። የስፌት ተማሪዎች መስለውት ነበር።

ድንገት የአንዲት አሮጊት ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«እኔ በአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ነበር የምደብቀው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ በዚያ ሆስፒታል እንደኔ አፉን የሚጉመጠመጥ ሰው አልነበረም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮ መፍቻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የአፍ መጉመጥመጫ! የእሱ የዘይት ቆርቆሮ የዚህ ጠርሙስ ታናሽ ወንድም አይደል እንዴ?

ቀጥሎ የወንድ ድምፅ መጣ፤ በኋላ እንዳወቀው ዳቦ ጋጋሪ ነው። «እኔ ደግሞ ሽታው እንዳይታወቅ ነጭ ሽንኩርት እበላ ነበር። አንድ ቀን ሚስቴ ‹ድሮ አንድ ነገር ነበር የምትሸተው፣ አሁን ሁለት ሆነ› አለችኝ።»

ጆሮ ሳቁ እንዳያመልጠው ጡጫውን አፉ ውስጥ ከተተ። ትንሽ ቆይቶ ግን ጉንጩን ርሶ አገኘው። አሮጊቷ ነርስ እንደገና ሲናገሩ ሰማ። «እኔ ስለ ነገ ቃል አልገባም። ዛሬ እንዳልጠጣ ብቻ። ነገም ሲመጣ ያው ‹ዛሬ› ብለን ነው የምንጠራው።»

ለካ ሰው አለ! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዓለም ላይ ቆርቆሮ ውስጥ የሚደብቅ፣ ምሎ የሚክድ፣ ልጁን ቀና ብሎ ማየት የሚያፍር እሱ አንድ ብቻ ይመስለው ነበር። አሁን ከአንድ ቀጭን የብረት በር ማዶ መጠጥ ለመተው የተሰባሰቡ ስድስት ሰባት ሰዎች የእሱን ታሪክ በየድምፃቸው ይናገራሉ፤ ደግሞም ይስቃሉ! ጎማውን በዐሥር ደቂቃ ሊገጥመው ይችል ነበር፤ አንድ ሰዓት ፈጀበት፤ ሰዎቹ «እስከ ማክሰኞ!» ተባብለው ሲለያዩ ነው የጨረሰው።

ያን ማታ አልጠጣም ብዬ ባወራ ውሸት ይሆንብኛል። ጠጣ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳምንቱ ለእሱ አንድ ቀን ብቻ ሆነ፤ ማክሰኞ። ረቡዕ ይቆጥራል፣ ሐሙስ ይቆጥራል፣ ሰኞ ሲደርስ እንቅልፍ የለም። በሁለተኛው ማክሰኞ ጤነኛውን ሊፍት አቁሞ፣ ሰሌዳውን ሰቅሎ ጣሪያው ላይ ወጣ። በሦስተኛውም እንዲሁ። የክፍሉ በር ከእሱ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ገደል በሚያህል ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ያልፈራ ሰው፣ ሦስት እርምጃ መራመድ ፈራ።

የሕንፃው ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አያልፋቸውም። በአራተኛው ማክሰኞ ሰሌዳውን ሲሰቅል መጥተው አጠገቡ ቆሙ።

«ስማ እንጂ ወንድሜ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ የሚያመው ይሄ ምን ዓይነት በሽታ ነው?»

«አሮጌ ነው፣ ጋሼ፤ ክትትል ይፈልጋል።»

«እኔም አሮጌ ነኝ፤ በየሳምንቱ የሚከታተለኝ አላገኘሁም» ብለው እያዘገሙ ሄዱ።

ጆሮ እየሳቀ ወጥቶ ቦታውን ያዘ። ሰዎቹ ሲገቡ ይሰማል። ከሁሉም በኋላ አሮጊቷ ነርስ ደረሱ፤ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚሏቸው። እንደ ወናፍ ይተነፍሳሉ። «ያንን ሊፍት ሠሪ አንድ ቀን ባገኘው፣ ይቺን ጉልበቴን ፈትቶ እንዲጠግን ነው የማደርገው! አራት ሳምንት ሙሉ ሦስት ፎቅ በእግሬ!»

ጆሮ ትከሻውን ሰበሰበ። ዳቦ ጋጋሪው ግን ዛሬ ሳቅ አልነበረውም።

«ሲስተር፣ ዛሬ አዲስ ሰው ይዤ ልመጣ ነበር። ሰፈራችን ያሉ የድሮ የእግር ኳስ ዳኛ ናቸው። ጠጥተው ወድቀው እግራቸውን ተሰብረዋል። ሁለት ወር ሙሉ ለምኜ ነው እሺ ያሰኘኋቸው። አሁን እታች ድረስ መጥተው ሰሌዳውን ሲያዩ፣ ‹በክራንች ሦስት ፎቅ? አልተፈቀደልኝም ማለት ነው› ብለው ተመለሱ። ልሸከምዎት ብል ተቆጡኝ።»

ሲስተር ቀስ ብለው፣ «ተመልሰው አይመጡም» አሉ። «እኔን ጠይቁኝ። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን በሩ ተቆልፎ ባገኘው ኖሮ ዛሬ አልነበርኩም።»

ጆሮ ከዚያ በኋላ ያደረገውን አስቦ አላደረገውም። የሊፍቱን በር ከውስጥ በኩል ከፈተና ዘሎ ወጣ። የክፍሉ በር ክፍት ነበር። ራሱ ላይ ቆብ የደፋ፣ ፊቱ በግራሶ የጠቆረ፣ ቱታ የለበሰ ሰው ከሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ብቅ ሲል አንዷ ሴት «ኡኡ!» ብላ ጮኸች፤ ሰይጣን የወጣ ነው የመሰላት።

«ዳኛው በየት በኩል ሄዱ?» አለ ጆሮ።

ዳቦ ጋጋሪው አፉን እንደከፈተ፣ «ወደ... ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው» አለ።

ጆሮ የሊፍቱን ማብሪያ መልሶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወረደ። ሰሌዳውን ከምድር ቤቱ በር መንጭቆ ዘበኛውን አስታቀፋቸው።

«ጋሼ፣ ሊፍቱ ድኗል!»

«መቼ ታመመና!» አሉ ዘበኛው፤ እሱ ግን መንገድ ላይ ነበር።

ሮጠ። ሩጫ ከተወ ስንት ዓመቱ ነው! መሣሪያዎቹ ወገቡ ላይ ይንቀጫቀጫሉ፣ ሰው ዘወር እያለ ያየዋል፣ አንዱ «ሌባ ነው?» ይላል፣ ሌላው «አይ፣ ሌባ ቢሆን ወገቡ ይቀለው ነበር» ይለዋል። አውቶቡስ ማቆሚያው ሲደርስ አግዳሚው ላይ ክራንቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀጥ ብለው የተቀመጡ ሰው አየ። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመና ሄደ፤ እሳቸው አልተነሡም። ዓይናቸው ከመንገዱ ማዶ ያለው መጠጥ ቤት በር ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ዳኛው እርስዎ ነዎት?» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«ሊፍቱ ይሠራል። ይመለሱ፣ እባክዎ።»

«አንተ ማነህ?»

«ሊፍት ሠሪው ነኝ። አልተበላሸም ነበር። አራት ማክሰኞ ሙሉ ሆን ብዬ ዘግቼው እላዩ ላይ ቆሜ የእነሱን ወሬ ሳዳምጥ ነበር። መግባት ፈርቼ። እኔም...» በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊለው ነው፤ ደግሞ ለማያውቀው ሰው፣ በቀን ብርሃን፣ መንገድ ዳር። «እኔም ጠጪ ነኝ፣ ጋሼ። ማቆም አቅቶኛል።»

ዳኛው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሆን ብለህ ነው የዘጋኸው?»

«አዎ።»

«ይሄ በቀይ ካርድ ያስወጣል።»

«ያስወጡኝ፤ መጀመሪያ ግን አብረን እንግባ።»

የሽማግሌው ከንፈር ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። መጠጥ ቤቱን አንድ ጊዜ አዩና ክራንቻቸውን ተከሉ። «እስቲ ያዘኝ» አሉ።

ሊፍቱ እያቃሰተ ሁለቱን ይዞ ወጣ። በሩ ሲከፈት ስድስቱም ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ዳኛውን አቅፎ ሊያነሣቸው ምንም አልቀረው።

ክፍሉ የስፌት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የወረቀት ልኮች ተሰቅለዋል፤ ጥግ ላይ ራስ የሌለው የልብስ ማሳያ ቆሟል፤ ሰዎቹ በረጅሙ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው የሚቀመጡት። ሲስተር ትንሽ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው ትልቅ የሆነ ሴት ናቸው። ጆሮን ወደ ላይ አንጋጠው አዩት።

«ሊፍት ሠሪው አንተ ነህ?»

«ነኝ፣ ሲስተር።»

«ጉልበቴን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። ግን በየሳምንቱ ሰምቼዋለሁ።»

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። «ጆሮ ጠቢ ነበር ማለት ነው!» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«በሥራ ቦታዬም ጆሮ ነው የሚሉኝ» አለ። «መጥባቱን ያስተማረኝ ግን ጠርሙስ ነው።»

ሲስተር እየሳቁ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉ፤ መልሰው ሲያደርጉት ግን ፊታቸው ኮስተር ብሏል። «እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል። አራት ሳምንት የሰማኸውን ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ሳትገባም ደንባችንን ጠብቀሃል። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ተናገረ። ስለ ዘይት ቆርቆሮው ሲያወራ ሳቁለት፤ ስለ ልጁ ሲያወራ ማንም አልሳቀም። ሕፃን ወዳቀፈችው ሴት ሲደርስ ከጎኑ ያለው ሰው የውኃ ብርጭቆ ገፋ አደረገለት። አንድም ሰው «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ?» አላለውም። ከእሱ ቀጥሎ ዳኛው ተናገሩ፤ አጭር ነበር፤ «ሠላሳ ዓመት ሌላውን ሰው ሳስቆም ኖሬ ራሴን ማስቆም ያቃተኝ ሰው ነኝ» አሉ። ይበቃል ተባሉ።

ሲያልቅ ሲስተር ጆሮን ወደ ጎን ወሰዱት። ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል፣ ጠዋት ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል ወይ ብለው ጠየቁት። «በል ስማኝ። ጀግና ነኝ ብለህ በአንድ ጊዜ ድርቅ አድርገህ እንዳታቆም። የለመደ ሰውነት በድንገት ሲከለከል ክፉኛ ሊታመም ይችላል። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።» በማግሥቱ በሁለት ሰዓት ጤና ጣቢያው በር ላይ ከእሱ ቀድመው ቆመው አገኛቸው።

ከዚያ በፊት ግን ቤቱ ገብቷል። ገና በደንብ አልጨለመም ነበር። ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ ለተማሪዎቿ ከባለ ቀለም ወረቀት ቢራቢሮ ትቆርጣለች። በዚህ ሰዓት ሲገባ አይታው ስለማታውቅ ክፉ ነገር የደረሰ መስሏት መቀሷ አየር ላይ ቀረ።

«ሰዎች አገኘሁ» አለ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ።

«የምን ሰዎች?»

ነገራት። ቁጭ ሳይል፣ ቆቡን ሳያወልቅ፣ እየተንጎራደደ፣ ሁሉንም። ስለ አፍ መጉመጥመጫው፣ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ስለ ዘበኛው። «መቼ ታመመና!» የሚለው ላይ ሲደርስ ሚስቱ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ አፏን በእጇ ያዘች። ያንን ሳቅ ከሰማ ስንት ጊዜው ነው! ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ከዚያ በቁርጥራጭ ወረቀቶቹ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «አላምንህም» አለችው። «ገና ነኝ። አንተም እንዳምንህ አትለምነኝ። ግን ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«እንዳትዘገይ።»

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሐኪም መድኃኒትና በዳቦ ጋጋሪው ስልክ ነው ያለፉት። በዘጠነኛው ሳምንት ወደቀ፤ አንድ ሙሉ ጠርሙስ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልሄድም ብሎ ተኝቶ ሳለ ዳኛው በክራንቻቸው ቤቱ ድረስ መጥተው በሩን ደበደቡ። «ውጣ! የወደቀ ተጫዋች ካልተሰበረ ይነሣል!» እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጡ። ተነሥቶ ሄደ፤ እንደገና ከአንድ ጀመረ። አለቃው ጋ ራሱ ሄዶ ሁሉንም ተናገረ፤ አለቃው ስድስት ወር ጠብቆ፣ ዐይቶ፣ ወደ ትልልቆቹ ሕንፃዎች መለሰው። ልጁ አሁንም ሂሳብ የምትጠይቀው ጠዋት ነው፤ ልማድ ቶሎ አይለቅም፤ እሱም አያስገድዳትም።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲሞላው የስፌት ክፍሉ ጠበበ። ሲስተር፣ «ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቀን ያስፈልገናል፤ አንተና ዳኛው ብትጀምሩትስ?» ሲሉት መጀመሪያ የቀለዱ መስሎት ሳቀ። አልቀለዱም። በእሱ ሰፈር ካለው ቤተ መጻሕፍት ጀርባ አንዲት ክፍል ለዓርብ ዓርብ ተፈቀደችላቸው።

በመጀመሪያው ዓርብ ጆሮ ከአንድ ሰዓት በፊት ደርሶ ስምንት ወንበር በክብ ደረደረ። በዛ ብሎ ሁለቱን አነሣ። ጥቂት ነው ብሎ መለሳቸው። ሸሚዙን ሚስቱ ተኩሳለታለች፤ ኪሱ ውስጥ የመክፈቻ ንግግር የጻፈባት ወረቀት አለች፤ በላብ ርሳለች። ዳኛው ሰዓታቸውን እያዩ፣ «ተረጋጋ፤ ጨዋታው ገና አልተጀመረም» ይሉታል። አሥራ አንድ ሆነ፤ ማንም የለም። ዐሥር ደቂቃ አለፈ፤ ማንም የለም። አሥራ አንድ ከሩብ ላይ በሩ በቀስታ ተገፋና የሥራ ዩኒፎርም የለበሰች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያቀፈች ሴት አንገቷን አስገባች።

«ይቅርታ... ተሳስቼ ይሆናል። ያ ስብሰባ... እዚህ ነው?»

ጆሮ ወንበሩን እስኪጥል ድረስ ብድግ አለ። ያጠናው ንግግር አንዱም ቃል ከአፉ አልወጣ አለ። «ነው፣ የኔ እህት!» ብቻ አለ፣ ፊቱ ከዳር እስከ ዳር እየበራ። «ነው! ግቢ፣ ግቢ፤ ወንበር ሞልቷል!»